ሆዴን ባር ባር ሲለው፦ የሰውነቴን ምልክት መስማትና መመርመር እንዴት እንደተማርኩ

ይህን የምጽፈው ሰውነታቸው አንድ ነገር እየነገራቸው እንደሆነ ለሚሰማቸው፣ ነገር ግን የሚሰማቸው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ይሁን የቆየ ፍርሃት ወይም ሕመም ለይተው ማወቅ ላቃታቸው ሰዎች ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ተጎድቻለሁ። በመጀመሪያ ሰውነቴ የሚለኝን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ቀርቼ ገንዘብና ሰላም አጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሰማኝን ሁሉ ያለ ምርመራ በማመኔ ጥሩ ሥራ ልለቅና ሕመሜን ሳላውቀው ልቀር ነበር። የደረስኩበት እምነት ይህ ነው፤ ሰውነት አንድ ነገር እየሆነ መሆኑን ሲነግረን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን አብሮ አይነግረንም። ምክንያቱን መፈለግ የእኛ ፋንታ ነው።

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። በሰነድ ያልተደገፈ ነገር እንዳልቀበል ሠልጥኜአለሁ፤ ይህ ልማድ ከሥራዬ አልፎ ኑሮዬንም ገዝቶት ነበር። ራሴን ሲያመኝ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አላርፍም ነበር፤ አንድ ሰው አጠገብ ስሆን ቢጨንቀኝ ደግሞ "ምን አደረገኝ?" ብዬ እጠይቅና መልስ ካጣሁ ጭንቀቱን እንደ ድክመት ቆጥሬ አልፈዋለሁ። በዙሪያዬ ያሉ ሰዎችም ታታሪና ቻይ እያሉ ያመሰግኑኝ ስለነበር ሰውነቴን አለመስማቴ በጎ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከአንድ ሰው ጋር የንግድ ሽርክና ለመግባት ስነጋገር ነው። ሰውየው ትሑት ነበር፤ ሰነዶቹ የተሟሉ ነበሩ፤ ያቀረበው ዕቅድም በቁጥር ሲታይ የሚያስኬድ ነበር። ሆኖም ንግግራችን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚወጣ ወደሚለው ጉዳይ ሲዞር ሆዴን ባር ባር ይለው ነበር። ከእምብርቴ በላይ ያለው የሆዴ ክፍል ይጨመደዳል፣ ትንፋሼ ያጥራል፣ እግሮቼ ለመነሣት የተዘጋጁ ይመስል ይወጣጠራሉ። የቅርብ ወዳጄ "ማስረጃሽ ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። ማስረጃ ከሌለኝ የሚሰማኝ ነገር አዲስ ሥራ የመጀመር ፍርሃት ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩና ፈረምኩ።

ከጊዜ በኋላ በሽርክናው ላይ ሳይነገረኝ የቀረ ዕዳ እንዳለ ታወቀ። ካጠራቀምኩት ገንዘብ አብዛኛው ሄደ፤ ከውሉ ለመውጣትም ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። የዚህ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ነገሩ ካለቀ በኋላ ተረጋግቼ ስብሰባዎቻችንን አንድ በአንድ ሳስታውስ ያስተዋልኩት ነው። ሆዴ የሚጨመደደው በዘፈቀደ አልነበረም፤ ሁልጊዜ ሰውየው የጠየቅሁትን ትቶ ያልጠየቅሁትን በሚመልስበት ቅጽበት ነበር። ለዓመታት የሰዎችን ሒሳብ ስመረምር ዓይኔና ጆሮዬ እንዲህ ያለውን ሽሽት መለየት ለምደዋል፤ አእምሮዬ በቃላት ሊያስቀምጠው ግን ገና አልደረሰም ነበር። ለወዳጄ ጥያቄ መልስ ነበረኝ ማለት ነው፤ መልስ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። በጣም የረዳኝ አንቶኒዮ ዳማሲዮ የሚባለው የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ ከአራት የካርድ ክምሮች እየመረጡ ይስባሉ፤ ሁለቱ ክምሮች ትልቅ ትርፍ ያሳዩና ከዚያ የበለጠ ኪሳራ ያመጣሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ጥቂት በጥቂት እየሰጡ በመጨረሻ ያተርፋሉ። ተመራማሪዎቹ የእጅ ላብን ለውጥ በመሣሪያ ሲከታተሉ፣ ጤነኞቹ ተጫዋቾች የትኛው ክምር ጎጂ እንደሆነ ገና መናገር ሳይችሉ እጃቸውን ወደዚያ ለመዘርጋት ሲያስቡ ሰውነታቸው ምላሽ መስጠት እንደጀመረ አዩ። ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎላቸው የታችኛው ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች ግን ይህን ምላሽ አላሳዩም፤ ከጎጂዎቹ ክምሮች መሳባቸውንም ቀጠሉ። ግኝቱ ክርክር አልተለየውም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ተጫዋቾቹ በጥንቃቄ ሲጠየቁ ስለ ክምሮቹ ከተገመተው በላይ ያውቁ እንደነበር አሳይቷል። ለእኔ ሁለቱም ጠቅመውኛል፤ ሆዴ ሲጨመደድ "የማውቀው፣ ነገር ግን ራሴን ያልጠየቅሁት ነገር ምንድን ነው?" እንድል ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው።

ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የተባለ ነርቭ ከሚያስተላልፈው መልእክት አብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከነርቩ ክሮች 80 በመቶ ያህሉ ከሰውነት ወደ አንጎል የሚያደርሱ ናቸው። በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ውስጥም ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንጎል ስለ ልብ ምት፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ሆድ ዕቃ ሁኔታ ያለማቋረጥ ወሬ ይደርሰዋል፤ እኛ የምናስተውለው ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህን ማወቄ ስሜቴን ያለ ኀፍረት እንድመለከተው ድፍረት ሰጠኝ።

ድፍረቱ ግን ከልክ አለፈ። ሽርክናው ያደረሰብኝ ጉዳት ገና ትኩስ ስለነበር ዳግመኛ ሰውነቴን ላለመናቅ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ከዚያም ማንኛውንም የሆድ መጨመደድ የመጨረሻ ውሳኔ አድርጌ መቀበል ጀመርኩ። ከሰዎች ፊት ቆሜ እንድናገር ስጠየቅ ጉሮሮዬ ስለሚያንቀኝ "ቀልቤ አልወደደውም" ብዬ እምቢ አልኩ። የሚጠቅመኝን ሥልጠና በመጀመሪያው ቀን ልቤ ስለመታ ብቻ ተውኩት። ለጥቂት ጊዜ ሰላም ያገኘሁ መሰለኝ፤ ነገር ግን ዓለሜ እየጠበበ ሄደ። ከሰዎች ፊት መናገር ገና ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስፈራኝ ነገር ነው፤ ጉሮሮዬ የሚነግረኝ ያንኑ የቆየ ፍርሃት እንጂ በዚያ ቀን ስላለ አደጋ አልነበረም። ይህን ለመለየት ገና አልቻልኩም ነበር።

በዚህ መካከል አዲስ ሥራ አገኘሁ። አለቃዬ ቅን፣ ሥራውም የምወደው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ስነሣ ልቤ በኃይል መምታት፣ እጄም መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንቅልፌ ተቆራረጠ፤ በትንሽ ነገር መቆጣት አበዛሁ። ካለፈው ልምዴ ተነሥቼ ሰውነቴ ከዚህ ቦታ እንድወጣ እያስጠነቀቀኝ ነው አልኩ። ምክንያት መፈለግ ስጀምርም ብዙ ምክንያት አገኘሁ፤ የአለቃዬ አጭር መልስ ንቀት፣ የባልደረቦቼ ሹክሹክታ ሤራ ሆኖ ታየኝ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ አስቀመጥኩ።

ነገሩን የቀየረችው ታላቅ እህቴ ናት። ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ አልተከራከረችኝም፣ አላጽናናችኝምም። "ሥራ በማትገቢበት ቀንስ ልብሽ አይመታም?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ስለዚያ አስቤ አላውቅም ነበር። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ቀን አንሥቶ ነው። ስሜቱ ሲመጣ ሰዓቱን፣ በሰውነቴ የት እንደተሰማኝና በዚያ ጊዜ ምን እየሠራሁ እንደነበር ብቻ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱን ሆን ብዬ አልጽፍም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገጾቹን ሳነብ ልቤ በዕረፍት ቀንም፣ ተኝቼም፣ ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ስስቅም እንደሚመታ አየሁ። ሌሎች እንደሚበርዳቸው በሚናገሩበት ክፍል ውስጥ እኔ አልበኝ ነበር። ከወትሮው የበለጠ እየበላሁ ልብሴ እየሰፋኝ ነበር።

ወደ ሐኪም ሄድኩ። የመጀመሪያው ሐኪም የሥራዬን ሁኔታ ከሰማ በኋላ ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል አለኝ። እኔ ራሴ ለብዙ ወራት ያልኩትን ስለደገመልኝ አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የራሴን ጭንቀት ከማስታወሻዬ አውቄው ነበር፤ ጭንቀቴ ከሐሳብ ጋር ይመጣል፣ ሐሳቡ ሲሄድ ይሄዳል። ይኼኛው ሐሳብ አያስፈልገውም፤ ባዶ አእምሮ ይዤ ብቀመጥም ይመጣል። በሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ምን ሆንኩ ብዬ እንደማስብ ከመናገር ይልቅ የጻፍኩትን አነበብኩላት። አንገቴን ዳሰሰች፣ እጆቼን ዘርግቼ እንድቆም አደረገችኝ፣ ከዚያ የደም ምርመራ አዘዘች። በአንገት ላይ ያለው፣ የሰውነትን ሥራ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ታይሮይድ ዕጢዬ ከሚገባው በላይ ሆርሞን እያመነጨ ነበር፤ ዕጢውን ከአንጎል በኩል የሚያዝዘው ሆርሞን መጠን በጣም ዝቅ ብሎ፣ ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተጨማሪ ምርመራ ግሬቭስ የተባለው ሕመም መሆኑን አረጋገጠ፤ የሰውነት መከላከያ የሚሠራቸው ፀረ አካላት ዕጢውን ያለማቋረጥ የሚያነሣሡበት፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውነቴ ልክ ነበር፤ የሚለው ግን ስለ ሥራዬ አልነበረም። ልቤ ይመታ ስለነበር አእምሮዬ ለምቱ ምክንያት ፈለገለት፣ በአቅራቢያው ያገኘውንም ያዘ። እንዲህ ያለው መሳሳት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳተንና አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በካናዳ ካፒላኖ ወንዝ ላይ በተንጠለጠለ ተወዛዋዥ ድልድይ የሚሻገሩ ወንዶችን አጥንተው ነበር። በድልድዩ ላይ ጥያቄ የጠየቀቻቸውን ሴት በኋላ ስልክ የደወሉላት፣ ዝቅተኛና ጠንካራ በሆነ ሌላ ድልድይ ላይ ከተጠየቁት ይልቅ ቁጥራቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከፍታው ያስነሣውን የልብ ምት ሰዎቹ በሴቲቱ እንደ መማረክ ቆጥረውታል ብለው አስረዱ። እኔም የዕጢዬን ሥራ በአለቃዬ ላይ ለጥፌ ነበር።

ሕክምናው ቶሎ ረዳኝ። ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን አበረደልኝ፤ ሜቲማዞል ደግሞ ቀስ በቀስ የሆርሞኑን መጠን አስተካከለ። ሆርሞኑ ሲስተካከል የሥራ ቦታዬም አብሮ የተለወጠ መሰለ፤ አለቃዬ ግን ያው አጭር መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር። ደብዳቤውን ቀደድኩት። ሜቲማዞልን ለምትጀምሩ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ በመውሰድ ላይ ሳላችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ የነጭ ደም ሕዋሳትን በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ማድረግ ይገባችኋል።

ከዚያ ወዲህ ስሜት ሲመጣብኝ የምሄድበት መንገድ አለ። መጀመሪያ ስሙን ሳልሰጠው እገልጸዋለሁ። "ፈራሁ" ወይም "ሰውየው አይታመንም" ማለት ትርጉም ነው፤ "ደረቴ ከበደኝ፣ የጀመረውም ስለ ቀነ ገደቡ ሲናገር ነው" ማለት ግን የሆነውን ብቻ መናገር ነው። ቀጥሎ ተራ የሆኑትን ምክንያቶች አጣራለሁ፤ ተኝቻለሁ ወይ፣ በልቻለሁ ወይ፣ ካፌይን ያለበት መጠጥ ጠጥቻለሁ ወይ፣ የወር አበባዬ ቀርቧል ወይ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምሬአለሁ ወይ? የሚገርማችሁ ትልቅ የመሰለኝ ማስጠንቀቂያ ከአንድ ጥሩ እንቅልፍ በኋላ ደብዛው የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእንቅልፍና ከዕረፍት በኋላም በዚያው ነጥብ ላይ የሚመለሰውን ግን በቁም ነገር እይዘዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማምንበት ጥያቄ ግን "በዚህ ጉዳይ ላይ ልምድ አለኝ ወይ?" የሚለው ነው። ዳንኤል ካኔማንና ጋሪ ክላይን ስለ ቀልብ ተቃራኒ አመለካከት የነበራቸው ተመራማሪዎች ናቸው፤ አንዱ ሰዎች በስሜታቸው እንዴት እንደሚሳሳቱ፣ ሌላው የእሳት አደጋ መከላከያ አዛዦችን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በቅጽበት እንዴት በትክክል እንደሚወስኑ ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ባሳተሙት ጽሑፍ በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ተስማሙ፤ ነገሩ ራሱ የሚደጋገም ሥርዓት ያለው መሆን አለበት፣ ሰውየውም ያንን ሥርዓት በቂ ጊዜ ተለማምዶ የሠራው ልክ መሆን አለመሆኑ የተነገረው መሆን አለበት። ሁለቱ ካልተሟሉ አንድ ሰው በስሜቱ ላይ ያለው እርግጠኝነት ብቻውን ስለ ትክክለኛነቱ ብዙ አይነግረንም። ስለዚህ ሒሳብን በሚመለከት ሆዴ ሲጨመደድ ሥራ አቁሜ እመረምራለሁ፤ ያላየሁትን ሙያ ወይም የማላውቀውን ገበያ በሚመለከት ሲጨመደድ ግን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ። እንግዳ ሰው በአነጋገሩ ወይም በመልኩ ከእኛ ስለተለየ ብቻ ሲከብደንም እንጠንቀቅ። ያ ስሜት ከልምድ የመጣ ሳይሆን ካለመልመድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ብንፈርድ የምንበድለው ሌላ ሰው ነው።

በቅርቡ ሌላ ሰው በጋራ እንድንሠራ ጠየቀኝ። ስለ ወጪ ስንነጋገር ያ የማውቀው መጨመደድ መጣ። በዚህ ጊዜ አልናቅሁትም፣ አልሸሸሁምም፤ ንግግሩን ገታ አድርጌ በዚያች ቅጽበት ያመለጠኝ ምን እንደሆነ አሰብኩ። አንድ ክፍያ ለማን እንደሚሄድ አልተጠቀሰም ነበር። ጠየቅሁት፤ ረስቶት እንደነበር ተናግሮ ደረሰኞቹን በማግስቱ አመጣ፣ ሆዴም ረጋ። ሥራውን አብረን ጀምረናል።

እንዲህ ያለው ማጣራት ጊዜ ላለው ነገር ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ወይም በጨለማ ስትሄዱ ቀልባችሁ ውጡ ካላችሁ መጀመሪያ ውጡ፤ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከደኅና ቦታ ሆናችሁ ታስቡበታላችሁ። ሰው እንዳይቀየም ብላችሁ አትቆዩ። ደረታችሁን ሲጫናችሁ፣ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ እያላባችሁ ልሞት ነው የሚል ድንገተኛ ስሜት ሲመጣባችሁም ማስታወሻ አትያዙ፤ ፈጥናችሁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። ይህ ስሜት ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሀርት አታክ)፣ የሳንባ ደም መርጋትንና ከባድ አለርጂን ከመሳሰሉ አደጋዎች ጋር እንደሚመጣ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ሰውነትን ማዳመጥ ለሁሉም ሰው ወዲያውኑ የሚመች አይደለም። ከባድ ጥቃት ወይም አደጋ የደረሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ ሲመለከት ድንጋጤው ሊያገረሽበት ይችላል። እንዲህ ከሆነባችሁ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ የእግራችሁን መርገጥ ወይም የእጃችሁን ሙቀት ከማስተዋል ጀምሩ፤ ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል። እኔም ከታመምኩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የልብ ምቴን ደጋግሜ መቁጠር አመጣሁ፤ በቆጠርኩ ቁጥር ምቱ ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር እንደገና እቆጥራለሁ። ሐኪሜ በቀን በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንድለካ፣ ከዚያ ውጭ እጄን ከአንገቴ እንዳነሣ ነገረችኝ፤ ምክሯ ሠራ።

ምርመራችሁ "ምንም የለብሽም" ወይም "ምንም የለብህም" ተብሎ ለተመለሰባችሁ ደግሞ ይህን ልበል። ውጤቱ የሚናገረው ስለተመረመረው ነገር ብቻ ነው። ሳትቆጡና ሳታፍሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የተመረመረው ምንድን ነው፣ ሳይመረመር የቀረው ምንድን ነው፣ ምን ዓይነት ለውጥ ካየሁ ነው ተመልሼ መምጣት ያለብኝ? መልሱን እዚያው ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜም ስትሄዱ ምን እንደሆናችሁ የደመደማችሁትን ሳይሆን ቀንና ሰዓት ያለበትን ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ግቡ።